የተኛን ነርቭ መጠየቅ

በሴኮንድ 5 ጊዜ አይደለም፤ 4.7 ጊዜ ነው። ሕመምተኛው በሆዱ ተደፍቶ ተኝቷል፤ ጀርባው ተከፍቷል፤ ቀዶ ሐኪሙ አከርካሪው ላይ ጎንበስ ብሏል። ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር፣ በቁርጭምጭሚቱ ውስጠኛ ጎን የተለጠፈ ኤሌክትሮድ የእግሩን ነርቭ በስሱ ይነዝራል። በሴኮንድ 4.7 ጊዜ፣ ለሰዓታት። በአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ወቅት የነርቭን ሥራ የመከታተል ሙያ መጀመሪያ የማረከኝ በዚህ ባልሞላ ቁጥር ነው።

ምክንያቱ ሶኬቱ ውስጥ ነው። በኢትዮጵያም፣ ኋላ በምንደርስባት በጋናም ከግድግዳ የሚመጣው መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ነርቩ በሴኮንድ ድፍን 5 ጊዜ ቢነዘር፣ በሁለት ንዝረቶች መካከል መብራቱ ልክ 10 ዙር ይጨርስና ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይገኛል። ያኔ የመብራቱ ምልልስ ከነርቩ መልስ ጋር አብሮ እየተደመረ፣ ስክሪኑ ላይ የነርቭ መልስ መስሎ ይታያል። በ4.7 ግን ዙሩ በእያንዳንዱ ንዝረት ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ ይያዛል፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች እየሆነ ራሱን በራሱ ያጠፋል። ሐሰተኛው ምስክር የሚባረረው እንዲህ በ0.3 ልዩነት ነው።

ይህን ያህል መጠንቀቅ ያስፈለገው መልሱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው። ከእግር የተነሳው መልእክት በህብለ ሰረሰር ወጥቶ፣ ከ40 ሺኛ የሴኮንድ ክፍልፋይ ገደማ በኋላ አንጎል ሲደርስ በራስ ቅል ቆዳ ላይ የሚለካው 1 ወይም 2 ማይክሮ ቮልት ብቻ ነው። የልብ ምት በደረት ላይ 1 ሚሊ ቮልት ገደማ ይለካል፤ ይህም ከእግሩ መልስ 500 ወይም 1000 እጥፍ ይሆናል። አንጎሉ ራሱ ተኝቶም ቢሆን የሚያሰማው ሁካታ ከዚህ መልስ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሰሊጥ ገበያ ጫጫታ መሐል አንድ ሰው ሹክ ያለውን ቃል አንዴ ብቻ ቢለው አትሰማውም፤ ያንኑ ቃል 300 ጊዜ ደጋግሞ ቢለውና 300ውን በልክ በልኩ ብትደርበው ግን፣ ጫጫታው እየተጣፋ ቃሉ እየጠራ ይመጣል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ዶውሰን በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ መልሶቹን አንዱን በሌላው ላይ መደራረብ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

300 መልስ ለማጠራቀም ግን ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ ክትትሉን የምታደርገው ባለሙያ ስክሪኑ ላይ የምታየው ወሬ ሁልጊዜ የአንድ ደቂቃ ያህል ያረጀ ነው።

እንዲህ ያለ ቀዶ የሚያስፈልገው ሰው ከየት እንደሚነሳ ለማየት አሁን ወደ ቆላው ልውረድ። አብደራፊ በምዕራብ ጎንደር፣ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ያለች የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ናት። በመኸር ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል፤ ኩንታል ይሸከማል። ማታ ደግሞ በረሃው ላይ ያድራል። የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን የምታስተላልፈው እዚያ ነው፤ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ለዓመታት ሲያክም የቆየውም በዚያችው ከተማ ነው። ሳንባ ነቀርሳም የተጎሳቆለና በተጨናነቀ መጠለያ የሚያድር ሰውን ይወዳል። የበሽታው ተህዋስ፣ ባሲሉ፣ ከሳንባ በደም ተጉዞ አከርካሪ ላይ ሲሰፍር አጥንቱን ከፊት በኩል ይበላዋል፤ ከፊት የተበላው አጥንት ይደረመሳል፤ ጀርባው ይጎብጣል። መድኃኒቱ ባሲሉን ይገድለዋል እንጂ የጎበጠውን አያቃናውም። ጉብጠቱ በባሰ ቁጥር ህብለ ሰረሰሩ በሹሉ ጫፍ ላይ ይለጠጣል፣ እግር መዛል ይጀምራል። በእግሩ ወርዶ በእጁ አጭዶ ለሚያድር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያሻም።

አከርካሪን አያይዞ አንድ አጥንት የማድረግ ቀዶ ሕክምናም የተወለደው ከዚሁ በሽታ ነው። በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ ረሰል ሂብስና ፍሬድ አልቢ የየራሳቸውን ዘዴ ይዘው ሲነሱ፣ ከፊታቸው የነበሩት በነቀርሳ አከርካሪያቸው የፈረሰ ሕመምተኞች ነበሩ። ፖል ሃሪንግተን የብረት ዘንጉን በ1962 ካሳተመ ወዲህ ማያያዙ ላይ ማቃናት ተጨመረ። አደጋውም አብሮ ጨመረ፤ አጥንት በተሳበ ቁጥር ውስጡ ያለው ነርቭ አብሮ ይሳባልና።

ከአርማጭሆ ቆላ የተነሳ ጉብጠቱ የከፋ ሕመምተኛ፣ በአብርሃ ጅራና በሳንጃ አድርጎ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ከዚያም አዲስ አበባ ሊደርስ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ለረጅም ዓመታት እንዲህ ያሉ ልጆችን ሲያሰባስብ የኖረው አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆደስ ነው። ከ2006 ጀምሮ በጣም የከበዱትን ወደ ጋና፣ ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ወደሚባለው ጋናዊ ቀዶ ሐኪም ሲልካቸው ቆይቷል። ቦአቺ በኒው ዮርክ ስሙን ያተረፈ ሐኪም ነው፤ ፎኮስ የተባለውን ድርጅት በ1998 መሠረተ፣ ሆስፒታሉም በ2012 አክራ ዳርቻ ላይ ተከፈተ። እዚያ ጉብጠታቸው ከ100 ዲግሪ የሚያልፍ ሕሙማን ብርቅ አይደሉም። አብዛኛው የዓለም ሆስፒታል እንዲህ ያለውን በመማሪያ መጽሐፍ ነው የሚያየው።

ቀዶው ከመጀመሩ በፊት ብዙዎቹ ራሳቸው ላይ የብረት ቀለበት ታስሮ፣ በገመድና በክብደት ለሳምንታት ወደ ላይ ይሳባሉ። ቀለበቱን እንደታሰሩ ይቀመጣሉ፤ በተሽከርካሪ ፍሬም ውስጥ ሆነው ይራመዳሉ። ክብደቱ በተጨመረ ቁጥር እግራቸው ይፈተሻል፤ ጣት ወደ ላይ፣ ጣት ወደ ታች። ሰውየው ነቅቶ እያወራ ስለሆነ ይህ ቀላል ነው። ጭንቁ የሚመጣው ሲተኛ ነው፤ ትልቁ ማቃናት የሚካሄደው እሱ ምንም መናገር በማይችልበት ሰዓት ነውና።

ባለሙያዋ ሥራዋን የምትጀምረው ቢላዋ ከመነሳቱ ብዙ ቀድማ ነው። በራስ ቅል ቆዳ ላይ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዙ ቀጫጭን መርፌዎችን ታስገባለች። በእጅ አውራ ጣት ሥር፣ በጭን፣ በቅልጥም ፊት፣ በእግር መዳፍ ጡንቻዎች ውስጥም ጥንድ ጥንድ መርፌ ትተክላለች። የእያንዳንዱን ጥንድ ሽቦ ትገምደዋለች፤ ሁለቱ ሽቦዎች ተጠምጥመው ሲሄዱ በዙሪያቸው ያለውን የኤሌክትሪክ ጥላ እኩል ስለሚቀበሉ ማሽኑ ሊቀናንሰው ይችላል። ሽቦዎቹን ከማሞቂያው ብርድ ልብስና ከአልጋው ሞተር አርቃ ትዘረጋለች። የቀኝና የግራው ቀለም የተለያየ ነው፤ በስድስተኛው ሰዓት ላይ ግራ እግር ደከመ ሲባል በእርግጥ ግራ መሆኑን ማንም መጠራጠር የለበትም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ገና ስክሪኑን ሳያይ ከሽቦው አነጣጠፍ ብቻ የባለሙያዋን ደረጃ ይገምታል።

ከዚያ ኋላ የምታነጻጽርበትን መነሻ ትይዛለች፤ ሕመምተኛው ከመገልበጡ በፊትና ከተገለበጠ በኋላ። በነቀርሳ የጎበጠ ሰው ላይ ይህ መነሻ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፣ ህብለ ሰረሰሩ ቀድሞ ተጎድቷልና። ጤነኛ ነርቭን መከታተል ብዙ ሰው ይችላል። ቀድሞውኑ የሚንተባተበውን ነርቭ ንግግር ተለማምዶ፣ «ይህ የሱ ልክ ነው፤ ከዚህ ሲወርድ ነው የምጮኸው» ብሎ መወሰን ግን ሌላ ችሎታ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ወደ ላይ ስለሚወጣው መልእክት ብቻ ነው፤ ከእግር ወደ አንጎል በህብለ ሰረሰሩ የኋላ ክፍል ስለሚሄደው። ጃፓናውያንና አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1970ዎቹ ይህን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲያስገቡት ትልቅ እፎይታ ነበር። በ1980ዎቹ ግን የሚያስደነግጥ ነገር ተመዘገበ፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የመልሱ ሞገድ እስከ መጨረሻው ሳይነካ የቆየላቸው አንዳንድ ሕሙማን ሽባ ሆነው ነቁ። ምስጢሩ ደሙ ላይ ነው። የህብለ ሰረሰሩን ኋላ ሁለት የደም ቧንቧዎች ይመግቡታል፤ ከፊትና ከጎን ያለውን፣ የማንቀሳቀስ ትእዛዝ የሚወርድበትን ክፍል የሚመግበው ግን በዋናነት ከፊት ያለው አንድ ቧንቧ ነው። የፊቱ ደም ተቋርጦ የኋላው ሊድን ይችላል። የተሳሳተው ማሽኑ አልነበረም፤ ከሁለቱ መንገዶች አንዱን ብቻ ነበር የጠየቁት።

ወደ ታች የሚወርደውን መንገድ ለመጠየቅ አንጎልን ራሱን መቀስቀስ ያስፈልጋል። መርተንና ሞርተን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1980 ቅል ሳይከፈት በቆዳው ላይ በተሰጠ ኤሌክትሪክ የአንጎልን የእንቅስቃሴ ክፍል መቀስቀስ እንደሚቻል አሳዩ። በነቃ ሰው ላይ አንድ ምት ይበቃል። የተኛ ሰው ህብለ ሰረሰር ግን ለአንድ ምት አይነሳም፤ ስለዚህ አምስት ስድስት ምቶች በጥቂት ሺኛ የሴኮንድ ክፍልፋዮች ልዩነት ተከታትለው ይላካሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ያነቃቁታል፣ የኋለኞቹ ያስነሱታል። ቮልቱ በመቶዎች የሚቆጠር ነው፤ የእያንዳንዱ ምት ዕድሜ ግን ከሺኛ የሴኮንድ ክፍልፋይም በጣም ያነሰ ነው። መንጋጋ አብሮ ስለሚጨበጥ ምላስ እንዳይነከስ በጥርሶቹ መካከል ለስላሳ ጥቅል ቀድሞ ይደረጋል፤ በአሥር ሰዓት ቀዶ ውስጥ ጥቅሉ ከቦታው አለመንሸራተቱንም እየመላለሱ ያዩታል።

ይህ መልስ መደራረብ አይፈልግም፤ በአንድ ጥያቄ ወዲያው ይመጣል። ችግሩ ገላው አብሮ መንፈራገጡ ነው። ቀዶ ሐኪሙ መሰርሰሪያ በህብለ ሰረሰር አጠገብ ይዞ ሳለ ሕመምተኛው ቢንፈራገጥ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ «ልጠይቅ?» ትላለች፤ ቀዶ ሐኪሙ እጁን ያነሳል፤ ትጠይቃለች። መቼ መጠየቅ እንዳለባት ለማወቅ የቀዶውን ሂደት እንደ ቀዶ ሐኪሙ ማወቅ አለባት። ዘንጉን የሚይዘው ብሎን ከገባ በኋላ፣ ከአጥንቱ መቆረጥ በኋላ፣ ዘንጉ ሲገባ፣ ዘንጉ ሲጠመዘዝ። ሥራ ሲፋጠን ሳታስቸግር፣ ሳትረሳም።

ብሎኖቹ ራሳቸው ይጠየቃሉ። በወገብ አጥንት ውስጥ የገባ ብሎን ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሪክ እየጨመሩ ይሰጡታል። አጥንት ኤሌክትሪክን በደንብ አያሳልፍም፤ ብሎኑ በአጥንቱ ግድግዳ ውስጥ በትክክል ከተቀመጠ የእግር ጡንቻ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊ አምፔር በላይ ሲሰጥ ነው። በ4 ወይም በ5 ላይ ከተነሳ ግድግዳው ተሰንጥቆ ብሎኑ ወደ ነርቩ ተጠግቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ይወጣል፣ ቀዳዳው ይፈተሻል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን የሰመመን ባለሙያው አብሮ ከሠራ ነው። የተለመዱት የሰመመን ጋዞች ሞገዱን ያደክሙታል፤ ስለዚህ ፕሮፖፎልና የሕመም ማስታገሻው በደም ሥር በሚንጠባጠብ ልክ ይሰጣሉ። ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት የአየር ቱቦው ሲገባ ብቻ ይሰጥና እንዲያልቅ ይተዋል። ይህን የአብደራፊ ጤና ሠራተኛ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። የኮብራ መርዝ የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ ነርቩ ጤነኛ፣ ጡንቻውም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ይዘጋዋል። በእባብ የተነደፈው ሰው አጠገብ የተቀመጠችው ነርስ የዓይኑ ቆብ ወረደ ወይ፣ አንገቱን ከትራስ ያነሳል ወይ፣ ትንፋሹ አጠረ ወይ እያለች ሌሊቱን ስትቆጥር፣ በዓይኗና በእጇ የነርቭ ክትትል እያደረገች ነው። በእኔ ግምት ሁለቱ ሴቶች አንድ ሙያ ናቸው፤ ልዩነታቸው ሽቦው ነው።

አሁን ወደ ቀዶው ክፍል እንመለስ። ቀዶው አምስተኛ ሰዓቱን ይዟል፤ የመጀመሪያው ዘንግ ተጠምዝዞ ጀርባው መቃናት ጀምሯል። ባለሙያዋ ጠየቀች፤ የቀኝ እግር መዳፍ ጡንቻ አልመለሰም። ምን ታደርጋለች?

የሙያው ውበት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሞገድ የሚወድቀው በመቶ ምክንያት ነው፤ አብዛኛውም ንጹሕ ነው። እጆቹን ታያለች። ቀዶው ከእጅ ነርቮች በታች ስለሆነ፣ ከእጅ የሚመጣው መልስ በዚህ ፍርድ ቤት ገለልተኛ ምስክር ነው። እጆቹም እግሮቹም አብረው ከወደቁ ጥፋቱ ከሰመመኑ፣ ከደም ግፊቱ ወይም ከገላው መቀዝቀዝ ሊሆን ይችላል፤ ሰመመን ባለሙያውን «ምን ለወጥክ?» ትለዋለች። አንድ እጅ ብቻ ከወደቀ ክንዱ በአልጋው ጠርዝ ተጭኖ ይሆናል፤ ጨርቁ ሥር ገብተው ክንዱን ሲያስተካክሉት ይመለሳል። ያ ባይታይ ኖሮ ሕመምተኛው በጀርባው ድኖ በእጁ ይታመም ነበር። እግር ብቻ ከሆነ ደግሞ ከቁርጭምጭሚት የተነሳው መልእክት ከጉልበት ጀርባ ደርሷል ወይ ብላ ታያለች። እዚያ ካልደረሰ ኤሌክትሮዱ ተላቆ ሊሆን ይችላል። ጉልበት ደርሶ፣ አንገት ላይ ሳይደርስ ከቀረ ግን መንገዱ የተቆረጠው በመካከል ነው፤ በመካከል ያለው ደግሞ የቀዶ ሐኪሙ እጅ ነው።

ይህን ሁሉ በሐሳቧ የምታገላብጠው በጥቂት ሴኮንዶች ነው። የሙያው መጽሐፍ የሚለው ወደ ላይ የሚሄደው ሞገድ ቁመቱ በግማሽ ከወረደ ወይም በ10 በመቶ ከዘገየ አሳውቂ ነው። ግን ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ሰመመኑ ራሱ ሞገዱን ቀስ በቀስ ያደበዝዘዋል፤ ለዚያ ሁሉ ብትጮህ በሦስተኛው ጩኸት ማንም አይሰማትም። ብትዘገይ ደግሞ ነርቭ ደም አጥቶ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። ማርክ ኑወርና ባልደረቦቹ በ1995 ባወጡት፣ ከ50 ሺህ በላይ ቀዶዎችን በዳሰሰ ጥናት፣ ብዙ ልምድ ያላቸው የክትትል ቡድኖች ባሉበት የደረሰው የነርቭ ጉዳት ልምድ ካነሳቸው ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች ነበር። ማሽኑ ያው ሆኖ የሚያነበው ሰው ይህን ያህል ለውጥ ካመጣ፣ ስለማሽኑ ዋጋ ብቻ የሚያወሩት ሰዎች ስለተሳሳተው ነገር ያወራሉ።

«ቀኝ እግር ጠፍቷል፤ እጆች ደህና ናቸው።» ይህን ያህል ነው የምትለው። በ2014 የአሜሪካ የአከርካሪ ሐኪሞች የተስማሙበት የማስጠንቀቂያ ዝርዝር መጀመሪያ የሚያዘው መድኃኒት አይደለም፤ ሙዚቃው ይጥፋ፣ ወሬው ይቁም ነው። ከዚያ የደም ግፊቱ ከፍ ይደረጋል፣ ደሙ ይፈተሻል፣ ሽቦዎቹ ይታያሉ። ቀዶ ሐኪሙ የመጨረሻውን ያደረገውን ነገር ይመልሳል፤ ዘንጉን ያላላል፣ የተሳበውን ይለቃል። ለሰዓታት የደከመበትን ማቃናት በአንዲት ሴት ቃል መልሶ ማፍረስ ለአንድ ቀዶ ሐኪም ቀላል ነገር አይደለም፤ በእሷ ላይ ያለው እምነት የሚለካውም በዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ሞገዱ ይመለሳል። ሲመለስም ጀርባው ከታሰበው 10 ወይም 20 ዲግሪ ጎደል ብሎ ይቀራል። ጎበጥ ብሎ መራመድ ቀጥ ብሎ ከመተኛት ስለሚሻል፣ ይህ በጣም ጥሩ ሥራ ነው።

ካልተመለሰ የቀድሞው ዘዴ አለ። በ1973 ፈረንሳውያኑ ቮዜልና ስታኛራ ያሳተሙት የማንቃት ፈተና ማሽን አይሻም፤ ሰመመኑ ይቀንስና ሕመምተኛው በቀዶው መካከል ይነቃል። ከአርማጭሆ ሄዶ አክራ ላይ የተኛ ልጅ ከሆነ በአማርኛ የሚጠራው ሰው ያስፈልጋል። ከቀዶው በፊት በነቃበት ጊዜ ተለማምዶታል። መጀመሪያ የሚባለው «እጄን ጨብጥ» ነው፤ እጁን ሲጨብጥ እንደሰማ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው «አሁን እግርህን አንቀሳቅስ» የሚባለው። እጁን ጨብጦ እግሩን ካላንቀሳቀሰ ነገሩ የነርቭ ነው፤ እጁንም ካልጨበጠ ገና አልነቃም። እዚህም እጁ ምስክር ነው፤ አመክንዮው ከሽቦው ይቀድማል። ይህ ፈተና መጥፎ ጎን አለው፤ ሕመምተኛው ሊወራጭ፣ የአየር ቱቦውን ሊነቅል ይችላል፣ መልሱም የዚያች ቅጽበት መልስ ብቻ ነው። ማሽን በሌለበት ግን እሱ ራሱ ብዙ እግር አትርፏል።

ቀዶው አልቆ ቆዳው ከተሰፋ በኋላ ባለሙያዋ አንድ ጊዜ ትጠይቃለች፣ መልሱን ትመዘግባለች። ከዚያ መርፌዎቹን እየቆጠረች ታወጣለች፤ የገቡት ስንት ነበሩ፣ የወጡት ስንት ናቸው። ሥራው ግን አላበቃም። የተለጠጠ ህብለ ሰረሰር ቀዶው ያለ እንከን ባለቀ በሰዓታት፣ አንዳንዴም በማግሥቱ፣ የደም ግፊት ሲወርድ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሌሊት የዎርዷ ነርስ በየሰዓቱ አልጋው ዘንድ ትመጣለች። ግፊቱን ትለካለች፣ አውራ ጣቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ታስብለዋለች፣ የእያንዳንዱን እግር ጉልበት ከ0 እስከ 5 ባለው ልክ ሰንጠረዡ ላይ ትጽፋለች። በአንድ ቁጥር እንኳ ቢወርድ ሐኪሙን ከእንቅልፉ ትቀሰቅሰዋለች።